ዶሮው ይበላል

አንድ አውራ ዶሮ በቤታችን በአንድ ቃል ሞተ። ለዓይን የታየው ገዳይ ቢላዋ ነው፤ ቢላዋ ግን የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ በራሱ አይነሣም። ትእዛዙን የሰጠው ቃሉ ነው። ቃሉን የጻፈችው ባለቤቴ ናት፤ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንም አፋችንን የፈታነው በአማርኛ ነው። ሁለታችንም ተማሪ ሳለን "ምንባቡን አንብባችሁ ጥያቄዎቹን መልሱ" የሚለውን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፈናል። ምንባቡ ስለ ዶሮ ቢሆን ኖሮ ግን እኔ እስከ ዛሬ አራተኛ ክፍል ነበርኩ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። አማቴ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ካለ ገጠር ለሕክምና አዲስ አበባ መጡ። ባዶ እጃቸውን ልጃቸው ቤት መግባት ነውር ስለሆነባቸው፣ በአንድ እጃቸው ቅቤ በቅል፣ በሌላው ደረቱን የነፋ ቀይ አውራ ዶሮ አንጠልጥለው ነው የደረሱት። ባለቤቴ ጓሮ አራት ሴት ዶሮዎች አሏት፤ አውራ ግን አልነበራቸውም። እማማ ይህን በስልክ ሰምተው ኖሮ ከራሳቸው ዶሮዎች መሀል መርጠው አመጡላት። ችግሩ ዶሮው እንደ እሳቸው መንገድ የለመደ አልነበረም። እግሩን ታስሮ፣ አውቶቡስ ወለል ላይ ተጋድሞ የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣቱ አልተስማማውም። አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ጥሬ ሲበተንለት አየት አድርጎ ፊቱን ያዞራል፤ ክንፉን ጥሎ ጥግ ይዞ ይቆማል። እኛም እንደ ታማሚ ዘመድ እየተመላለስን እንጠይቀዋለን።

በሦስተኛው ቀን የገና ዋዜማ ሆነ። እኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ስለ ነበርኩ አርፍጄ ነቃሁ፤ ባለቤቴ ባንክ ስለምትሠራ በማለዳ ወጥታለች። አልጋዬ ላይ እንዳለሁ ስልኬን አንሥቼ "ዶሮው እንዴት ነው?" ብዬ ጻፍኩላት። ልብ በሉ፤ ዶሮው ያለው ጓሮ ነው፣ ከአልጋዬ አሥር እርምጃ አይሞላም። ባለቤቴ ያለችው መሀል ከተማ ነው። እኔ ግን አሥር እርምጃ ከመሄድ ከተማ አቋርጬ መጠየቁ ቀለለኝ። ከአፍታ በኋላ መልሷ መጣ፦

"ይበላል።"

አንድ ቃል፣ አራት ፊደል። እኔም በኩራት "ገባኝ" ብዬ መለስኩላት።

ፊደላችን ብዙ ነገር ችሎ አንድ ነገር አቅቶታል፤ የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አያሳይም። ይህ ቃል ላልቶ ሲነበብ ዶሮው በላተኛ ነው፤ ጥሬውን ይለቅማል፣ ድኗል፣ ተመስገን ነው። ጠብቆ ሲነበብ ግን ዶሮው ራሱ ምግብ ነው። ባለቤቴ ጠዋት ስንዴ ስትበትንለት እየተሻማ ሲለቅም አይታ፣ ደስ ብሏት፣ አላልታ ጻፈች። እኔ ከኅዳር 15 ጀምሮ በሽሮና በምስር የሰነበትኩ ሰው፣ በዋዜማው ዕለት አጥብቄ አነበብኩ። ያነበበው ዓይኔ አይደለም ማለት ነው፤ ሆዴ ነው።

ተነሥቼ ቢላዋ ስስል እማማ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

"ምን ልትሠራ ነው ልጄ?" አሉኝ።

"ዶሮውን ላርደው ነው፣ እማማ።"

እንዝርቱ ቆመ። "ይኼንን? አውራውን?"

"አዎ። ልጅዎም ይበላል ብላለች።"

እማማ ዶሮውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ቢላዋውን አዩ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ" ብለው እንዝርታቸውን ማሾር ጀመሩ።

እኔ ይህን እንደ ፈቃድ፣ እንዲያውም እንደ ምርቃት ቆጠርኩት። ወደ ምሥራቅ ዞሬ፣ በስመ አብ ብዬ ባረክሁት። በፈላ ውሃ ነክሬ ላባውን ነጨሁ፣ በእሳት ለበለብኩ፣ ሳፋ ውስጥ አጋድሜ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኩት። ለአንድ ቀን እንኳ ባለሙያ ባል ልባል ብዬ በረንዳውን ሳይቀር ጠረግሁ።

ወደ 11 ሰዓት ገደማ በሩ ተከፈተ። ባለቤቴ በግራ እጇ ቦርሳዋን፣ በቀኟ እግሩ የታሰረ ነጭ ዶሮ ይዛ ገባች።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኳት።

"የገና ዶሮ ነዋ! ዋጋው እሳት ነው፤ በስንት ክርክር ያገኘሁት መሰለህ!"

"ዶሮማ አርጃለሁ።"

"የቱን ዶሮ?"

በሕይወቴ ብዙ ከባድ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ፤ እንደዚህኛው ግን መልሱ ቀላል፣ መመለሱ ከባድ የሆነ ጥያቄ አላጋጠመኝም።

"ይበላል ብለሽኝ!"

"ይበላላ! ጠዋት እፍኝ ሙሉ ስንዴ በላ ማለቴ ነዋ!"

እማማ ከበረንዳው "እኔማ..." ብለው ጀምረው ተዉት። ለድስት የተገዛው ነጭ ዶሮ እስሩ ተፈትቶ በአራት ሚስት ላይ አባወራ ሆኖ ተሾመ፤ ለሹመት የመጣው ቀይ ዶሮ ድስት ገባ። የመሥሪያ ቤት ሹመት አሰጣጥ ያየ ሰው በዚህ አይገረምም።

ያን ምሽት ራሴን ነጻ ለማውጣት ጥፋቱን ሁሉ በፊደሉ ላይ ላክኬ ተከራከርኩ። ማስረጃ አላጣሁም። "አባይ" ጠብቆ ሲነበብ ወንዝ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ውሸታም ነው። "ገና" ጠብቆ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ግን ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ዋዜማው ዕለት "ገና ነው" ብሎ የሚጽፍ ሰው ስለ የትኛው እንደሚናገር እሱና ፈጣሪው ብቻ ያውቃሉ። "ዋና አሰልጣኝ" የሚል የሥራ ማስታወቂያ ያየ ሰው፣ የሚፈለገው የአሰልጣኞች አለቃ ይሁን ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚያስተምር፣ ማስታወቂያውን ደግሞ ደጋግሞ ያነባል። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህ ነገር ከንክኗቸው ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው "ፍቅር እስከ መቃብር" ላይ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አስቀመጡ። መጽሐፉን አገር ወደደው፤ ነጥቡን ግን ብዙ ሰው አልተከተለላቸውም። ያች ነጥብ በስልኬ ላይ ብትኖር ኖሮ ዶሮው ዛሬ በሕይወት አለ።

ባለቤቴ አልተረታችም። "ነጥብ አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ጊዜ ብትደውል ይበቃ ነበር" አለች። እውነቷን ነው። ቢሆንም እኔ ታሪክ ጠቀስኩ። በአንድ ቃል የሞተ ዶሮ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ቃል አገር ከአገር ተዋግቷል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጹ፣ በአማርኛው ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ "ይቻላቸዋል" ይል ነበር። የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ነገሩን ግዴታ አደረገው፤ ሮማም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ነገሩ የተቋጨው ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ነው።

"እሱ አለመግባባት አይደለም" አለች ባለቤቴ፣ ሽንኩርቷን እየላጠች። "እነሱ የፈለጉትን ነው ያነበቡት።" ከዚያም ቀና ብላ አየችኝ፤ "እንደ አንተ።"

ከዚህ በኋላ ስለ ፊደል መከራከሩን ተውኩ።

ደግሞስ እማማ የተናገሩት በስልክ ሳይሆን በአፋቸው፣ ፊት ለፊቴ ነው። እዚያ ላይ የሚጠብቅም የሚላላም አልነበረም። "እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ" ሲሉ ምን ማለታቸው እንደ ነበር የገባኝ ከእርዱ በኋላ ነው፦ "እጅህን ከዶሮዬ ላይ አንሣ!" ግን አማች ነኛ! አማች ይከበራል እንጂ በገዛ ቤቱ አይከለከልም፤ እንግዳም በሰው ቤት ዶሮ አይፈርድም። ስለዚህ ክልከላቸውን በፈቃድ ጠቅልለው ሰጡኝ። እኛ አንዱን ተናግሮ ሌላውን ማለትን ጥበብ አድርገን፣ ሰምና ወርቅ ብለን፣ ቅኔ ቤት ከፍተን፣ ዓመታት የምንማርበት ሕዝብ ነን። ያን ጠዋት እማማ ቅኔ ዘረፉ። እኔ ሰሙን ተቀብዬ ወርቁን አረድኩት።

ይሉኝታ የሚሉት ይህ ነገር ብዙ ጆሮ አደንቁሯል። ማዕድ ላይ እንግዳው "በቃኝ" ይላል፤ ባለቤቱ "በሞቴ!" ይላል፤ እንግዳው "ጠግቤ!" ይላል፤ ባለቤቱ ጉርሻ ይዞ ይነሣል። ሁለቱም "በቃኝ" የሚለው ቃል "አልበቃኝም" ማለት ሊሆን እንደሚችል ያውቃሉ። የመጀመሪያው "በቃኝ" ለደንብ ነው፤ ሁለተኛው ለጨዋነት ነው፤ ሦስተኛው ምናልባት እውነት ነው። ሦስተኛው ላይ የሚያቆም ባለቤት ግን ስሙ ይጠፋል። እኔ አንድ ጊዜ የማላውቀው ሰው ቤት በመጀመሪያው "በቃኝ" ትሪው ተነሥቶብኝ፣ እየራበኝ "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወጥቻለሁ። ሰውየው ያለኝን አመነ፤ እኔም እስከ ዛሬ በሰውየው አዝናለሁ።

"እሺ"ም የዚሁ ዘመድ ናት። እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል፤ የትኛው እሺ እንደሆነ ግን አይነገርም። ባጭሩ "እሺ" ሲባል ሰምቻለሁ ነው። "እሺ እሺ" ሲደጋገም ተወኝ ነው። "እሺ፣ እናያለን" አይሆንም ነው። "እሺ፣ ነገ ብቅ በል" ደግሞ የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙም ነገ ብቅ ብለህ ይህንኑ ስማ ማለት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት "ደብዳቤህ ለፊርማ ገብቷል" ተብዬ ተደስቼ ወጥቻለሁ። እኔ "ገብቷል" ስባል ሊወጣ ነው ብዬ ሰማሁ፤ እነሱ ግን መግባቱን ብቻ ነው የነገሩኝ። ደብዳቤው ሦስት ወር ገብቶ ተቀመጠ። ማንም አልዋሸኝም።

ስለ ጊዜ ስንናገርማ ግሡ ራሱ ከእኛ ጋር አይደለም። ቤታችን ቁጭ ብለን "ሄድኩ" እንላለን። ከወንበራችን ተነሥተን እየወጣን "መጣሁ" እንላለን፤ እየሄድን ያለን ሰዎች። ታክሲ ውስጥ ሆነን፣ መንገድ ተዘጋግቶ፣ ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ በስልክ "ደርሻለሁ" እንላለን። የሚጠብቀንም ሰው "እኔም ደርሻለሁ" ይላል፤ ካልሲውን እየፈለገ። ሁለት ሐሰተኞች እርስ በርስ በትክክል የሚግባቡበት ሁኔታ ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

እማማ ከመጡ ጀምሮ በቤታችን ያልተደረገ አለመግባባት የለም። የመጡት ለሕክምና ነው ብያለሁ። ሐኪም ቤት አብሬያቸው ገባሁ። ወጣቱ ሐኪም በትሕትና "እንዴት ነዎት እናቴ?" አላቸው። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ደህና ከሆኑ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ለምን እንደ መጡ ለመገመት ሐኪሙ ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ "ምን ያምዎታል?" አለ። "ልቤን ነው ልጄ፤ ያቃጥለኛል።" ሐኪሙ ብድግ አለ። ግፊት ተለካ፣ የልብ ምት ተደመጠ፣ ደረታቸው ላይ ገመድ ተቀጣጥሎ ልባቸው በወረቀት ላይ ተጻፈ። ልባቸው የኮረዳ ልብ ነው። በመጨረሻ "እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ" ሲላቸው እጃቸው ሄዶ ያረፈው ጨጓራቸው ላይ ነው። በእሳቸው አገር ልብ ማለት ይኼም ነው። ሐኪሙ ሕክምናውን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እማማ የታመሙት በአማርኛ ነው።

መድኃኒቱ ሲታዘዝም "በቀን 3 ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ" ተባለ። ጊዜው የነቢያት ጾም ነው፤ እማማ በቀን አንድ ጊዜ ነው የሚበሉት። በሦስተኛው ቀን ስጠይቃቸው አንዷን በቀን አንዴ እየዋጡ ኖሯል። "ከምግብ በኋላ አይደል ያለው?" አሉኝ። ሐኪሙ ምግብ ሲል ሦስት ማዕድ ታየው፤ እሳቸው ምግብ ሲሉ አንድ ማዕድ ታያቸው። ቃሉ አንድ ነው፤ ሞሰቡ ይለያያል።

ዋሽንግተን የሚኖረው ልጃቸው ደግሞ "እሑድ በ9 ሰዓት እደውላለሁ" ብሎ መልእክት ላከ። በዚህች "9 ሰዓት" ውስጥ አራት ሰዓቶች ተኝተው ነበር፦ የእኛ የቀን 9፣ የእኛ የሌሊት 9፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረው የእሱ የጠዋት 9፣ እሱም ለእኛ የቀን 11፣ እንዲሁም የእሱ የማታ 9፣ እሱም ለእኛ የሌሊት 11። እማማ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምረው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። የደወለው ሌሊት 11 ሰዓት ነው፤ መርዶ መስሎን ቤቱ ተሸበረ።

ንግግሩም አልቀና አለ። "እማዬ፣ ደህና ነሽ?" ይላል። እማማ እንደ አገራቸው ልማድ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው "አዎን" ይላሉ። ያቺ ወደ ውስጥ የምትሳብ አዎንታ ፊት ለፊት ላለ ሰው ደስ ትላለች፤ በስልክ ግን ውቅያኖስ አትሻገርም። ልጅዬው "ሃሎ? ሃሎ? ተቋረጠ እንዴ?" ይላል። እማማ ደግሞ ትንፋሻቸውን ይስባሉ፤ አልተቋረጠም ማለታቸው ነው። እሱ ይዘጋና እንደገና ይደውላል። ሦስት ጊዜ ከተደዋወለ በኋላ ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላ የእናቷን ትንፋሽ ማስተርጎም ጀመረች።

ክሎድ ሻነን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1948 እ.ኤ.አ. ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሠራ ይህን የስልክና የቴሌግራፍ ነገር በሒሳብ አስቀምጦታል። መልእክት ከላኪ ተነሥቶ ተቀባይ ዘንድ እስኪደርስ መንገድ ላይ ሁከት ይገጥመዋል፤ ሁከቱን የሚያሸንፈው ትርፍ ነገር ነው፣ ማለትም ደግሞ መናገር። ተራው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንኳ ግማሽ ያህሉ ትርፍ እንደሆነ ገምቷል። ሰውየው የእኛን ሰላምታ ሰምቶ ቢሆን በሒሳቡ ይደነግጥ ነበር። "ደህና ነህ? ደህና ነህ ወይ? ደህና ሰነበትክ? ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና? አንተስ ደህና?" መልሱ ሁሉ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። መልእክት በሌለበት ቦታ ቃል እናዘንባለን፤ የሰው ወይም የዶሮ ነፍስ የተንጠለጠለበት ጉዳይ ሲሆን ግን አንድ ቃል ጽፈን ስልኩን ኪሳችን እንከታለን። ባለቤቴ "ተሽሎታል፣ ስንዴ ይበላል" ብትል ኖሮ ከሁለቱ ትርፍ ቃላት አንዷ ዶሮውን ታድነው ነበር።

ወደዚያ የዋዜማ ምሽት ልመለስ። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ እኔና ባለቤቴ ተኳርፈናል፣ እማማ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ዝም ብለዋል። ድንገት "ተረት ልንገራችሁ?" አሉ።

አንዲት ሴት ነበረች አሉ፤ ጆሮዋ አይሰማም። ፍየሎቿ ጠፍተውባት፣ ልጇን አዝላ ስትፈልግ፣ እርሻው ላይ ያለ አንድ ገበሬ አገኘች። የእሱም ጆሮ አይሰማም። "ፍየሎቼን አይተሃል?" ብትለው የመሬቱን ወሰን የጠየቀችው መስሎት "እስከዚያ ወንዝ ድረስ ነው" ብሎ በእጁ አመለከታት። ሄደች፤ እንደ ዕድል ፍየሎቹ እዚያው ወንዙ ዳር ናቸው። አንዷ ግልገል ግን እግሯ ተሰብሯል። ሴትየዋ ውለታ ልመልስ ብላ ግልገሏን ታቅፋ ተመለሰችና "ይቺን ላንተ" አለችው። እሱ "እኔ አልሰበርኳትም!" ብሎ ጮኸ። እሷ ትልቋን ፍየል ካልሰጠሽኝ ያላት መስሏት ጮኸች። ተያይዘው ዳኛ ዘንድ ሄዱ። ዳኛው አርጅተዋል፤ ጆሯቸው አይሰማም፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ሁለቱን በየተራ በጥሞና ካዳመጡ በኋላ የታዘለውን ሕፃን አይተው ፈረዱ፦ "አንተ ሰው፣ ልጁ ቁርጥ አንተን ነው። በል ሚስትህን ይዘህ ወደ ቤትህ ግባ!"

"ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" አሉ እማማ። ሳቅን። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። በተለይ ዳኛው አሳቁኝ፤ ስንት እንደዚህ ያለ ዳኛ አይቻለሁ እያልኩ። ኩርፊያውም በረደ። ሌሊት ልንተኛ ስንል ለባለቤቴ "እማማ ተረት ሲያወሩ እንዴት ደስ ይላሉ" አልኳት።

"ላንተ እኮ ነው የተረቱት" አለችኝ።

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። "ታዲያ ከሦስቱ ማንኛው ነኝ?"

"እነሱስ ጆሯቸው ስለማይሰማ ነው" አለችና ዞራ ተኛች።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሳወጣ ሳወርድ፣ ጥፋቴ መሳሳቴ ሳይሆን "ገባኝ" ማለቴ መሆኑ ታየኝ። አማርኛ ውስጥ ጆሮን የሚዘጋ ቃል ቢኖር እሱ ነው። ነገሩ ገና ደጅ ቆሞ ሳለ "ገባ" ብለን በሩን እንቀረቅራለን። ሴትየዋ ገባት፤ ገበሬው ገባው፤ ዳኛው ከሁሉ በላይ ገባቸው። ከሦስቱ አንዳቸው "ምን አልክ?" ቢሉ ተረቱ አይኖርም ነበር።

ግን መጠየቁም በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም። "ምን ማለትህ ነው?" የሚለውን ጥያቄ እስቲ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በሉት። ጥያቄ ነው? ኮት የሚያስወልቅ ነገር ነው! ሊያግባባን የሚችለውን አንድ ጥያቄ የጠብ መክፈቻ አድርገነዋል። ስለዚህ ሰው እንዳይቀየመን እንገምታለን፤ ከገመትን በኋላ እንቀያየማለን። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ የተባለው ለእርሻ ብቻ አይደለም።

የገና ዕለት ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ማዕዱ ቀረበ። ዶሮው በ12 ብልቱ ተሰናድቶ፣ በእንቁላል ታጅቦ መጣ። ለአባወራ የሚሰጠውን ፈረሰኛ ባለቤቴ ወደ እኔ ስታዞረው፣ ካሳ ይሆነኝ ዘንድ አንሥቼ በእንጀራ ጠቅልዬ ወደ እማማ ዘረጋሁ።

"በቃኝ ልጄ" አሉ።

እንጀራውን ገና አልቆረሱም። ይህ የመጀመሪያው "በቃኝ" ነው አልኩ በልቤ፤ የደንቡ።

"በሞቴ እማማ!"

"በቃኝ ስልህ።"

ሁለተኛው። እጄ እንደተዘረጋ ነው። ሦስተኛውን ጠብቄ፣ ከዚያ አስገድጄ ላጎርሳቸው ስዘጋጅ አንድ ነገር ያዘኝ። ይሉኝታ ነው? ወይስ በርበሬው ለጨጓራቸው ፈርተው ነው? ወይስ በእኔ ተቀይመው? ሦስቱም ያሳምናሉ። ሦስቱንም ተራ በተራ "ገባኝ" ልላቸው እችል ነበር።

"እማማ፣ አይቆጡኝና" አልኩ፣ ድምፄን የምችለውን ያህል አለዝቤ፣ "በቃኝ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?"

ባለቤቴ ማንኪያውን አስቀመጠች። እማማ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

"በቃኝ ማለቴ በቃኝ ማለቴ ነዋ! ይኼን ዶሮ ከእንቁላሉ ጀምሬ አውቀዋለሁ። ድመት ስትነጥቀኝ ሮጬ ያስጣልኩት ነው። አሁን እንዴት ብዬ ልብላው?"

ጉርሻው በእጄ ላይ ቀረ። ባለቤቴ ተነሥታ ለእናቷ አይብና እርጎ አመጣች፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው በሉ፤ የበሉት ጾሙን ሳይሆን ይሉኝታቸውን የፈቱ ያህል ነው።

ትንሽ ቆይቶ ከጓሮ አዲሱ ነጭ አውራ ዶሮ ጮኸ። እማማ ጆሯቸውን ወደዚያ ጣል አድርገው፣ "ይኼኛውስ፣ ይበላል?" አሉኝ።

አላልተው ነው የተናገሩት። በአፍ ስለሆነ፣ ቅርብም ስለሆንኩ፣ በደንብ ሰምቻለሁ፤ መልሱንም የማውቀው መሰለኝ። ቢሆንም አልመለስኩም። እጄን ታጥቤ፣ ተነሥቼ ጓሮ ሄጄ አየሁት። አሥር እርምጃ አይሞላም።